ሲኢ የሚለው ምልክት፦ ማን ፈትሾት፣ ማን ፈርሞበት?

አጠገባችሁ የስልክ ቻርጀር ካለ ንቀሉትና ጀርባውን እዩት። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልካችሁ ካሜራ አጉሉት። ከቮልቱና ከአምፒሩ ቁጥር አጠገብ ከክብ ላይ የተቆረጡ የሚመስሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ታያላችሁ፤ ሲ እና ኢ። ሻጩን ብትጠይቁት «ይሄ እኮ የአውሮፓ ማረጋገጫ ያለው ኦርጅናል ነው» ሊላችሁ ይችላል።

ግማሹ እውነት ነው። ምልክቱን የፈጠረው የአውሮፓ ሕግ ነው። ማረጋገጫውን ግን አውሮፓ አልሰጠም። አንድም መሥሪያ ቤት፣ አንድም ገለልተኛ ላቦራቶሪ ቻርጀሩን ሳያየው ምልክቱ ሊያርፍበት ይችላል። የለጠፈው አምራቹ ራሱ ነው። ፈቃድ አልጠየቀም፤ ሕጉም ጠይቅ አላለውም።

«ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ ፈታኝ ከሆነማ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ምልክቱ ላይ ሳይሆን ሕጉ ከምልክቱ ጀርባ ማንን እንደሚይዝ ላይ ነው። (ካልተባለ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ከየት መጣ?

ቀድሞ የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈታሽና የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው። ጀርመን ቪዲኢ፣ ኔዘርላንድስ ኬማ እያሉ። በአንዱ አገር የተፈተሸ ካውያ ሌላው አገር ሲገባ እንደገና ፍተሻ ይጠብቀው ነበር። በ1973 የያኔው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ «የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ» የሚባለውን ሕግ አወጣ። ደኅንነቱ የተጠበቀን ዕቃ አንዱ አባል አገር ከተቀበለው ሌላው አይከልክለው ነው ነገሩ። ሲኢ የሚለው ምልክት እዚህ ሕግ ውስጥ የገባው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1993 በወጣ ማሻሻያ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ቁጥሩ 2014/35 የሆነው መመሪያ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከኤፕሪል 20 ቀን 2016 ጀምሮ ነው።

«ዝቅተኛ» ሲባል አትሸወዱ። ሕጉ የሚይዘው በተለዋዋጭ ከረንት ከ50 እስከ 1,000 ቮልት፣ በቀጥታ ከረንት ከ75 እስከ 1,500 ቮልት የሚሠሩ ዕቃዎችን ነው። ቤታችን ያለው፣ ሰው የሚገድለው 220 እዚሁ መሀል ነው። «ዝቅተኛ» የተባለው ከከተማ ወደ ከተማ ኃይል ከሚወስዱት መስመሮች ጋር ሲተያይ ነው።

ወሰኑ አንዳንዴ ግራ ያጋባል። ስልኩ በአራት ቮልት ገደማ ባትሪ ስለሚሠራ በዚህ መመሪያ አይያዝም። ነገር ግን ሞገድ ስለሚልክና ስለሚቀበል በሕግ ዓይን ሬዲዮ ነው። ስለዚህ 2014/53 የተባለው የሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያ ይይዘዋል። ያኛው መመሪያ የደኅንነት ግዴታውን ሲጭን ቮልቴጅ አይመርጥም። ቻርጀሩ ግን ከግድግዳ ላይ ስለሚወስድ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ ሥር ይወድቃል። እኔን የሚገርመኝ የቤት ሶኬትና የሶኬት ራስ ከመመሪያው ውጭ መሆናቸው ነው። አውሮፓውያን አብዛኞቹ በአንድ ገንዘብ ተስማሙ፤ በሶኬት ቅርጽ ግን እስካሁን አልተስማሙም። ስለዚህ ሶኬትን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይገዛዋል።

ፋብሪካው ምን ማድረግ አለበት?

አምራቹ መጀመሪያ ዕቃው ሰውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ቁጭ ብሎ ማሰብና መጻፍ አለበት። ይነዝራል? ያቃጥላል? እሳት ያስነሳል? ከዚያ አደጋዎቹን እንዴት እንደዘጋ ያሳያል። ሕጉ ግቡን እንጂ መንገዱን አይነግረውም። መንገዱን የሚነግሩት ደረጃዎች (ስታንዳርድ የሚባሉት) ናቸው። እነሱን መከተል በሕግ የግድ አይደለም። ግን የአውሮፓ ኅብረት በይፋዊ ጋዜጣው የዘረዘራቸውን ደረጃዎች የተከተለ አምራች «ሕጉን አክብሯል» ተብሎ ይገመትለታል። በሌላ መንገድ የሄደ ማስረዳቱ የራሱ ዕዳ ነው። ዕዳውን ማን ይፈልጋል? ስለዚህ አብዛኛው ደረጃውን ይከተላል።

ለካውያ፣ ለማንቆርቆሪያ፣ ለፍሪጅና ለመሳሰሉት የቤት ዕቃዎች ዋናው ደረጃ ቁጥሩ 60335 ነው። ለቴሌቪዥን፣ ለኮምፒውተርና ለቻርጀር ደግሞ 62368 ይሠራል። ቁጥሮቹ አሰልቺ ይመስላሉ፤ ፍተሻዎቹ ግን ያዝናናሉ። ለምሳሌ «የፍተሻ ጣት» የሚባል አለ። 12 ሚሊሜትር ውፍረትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ እንደ ሰው ጣት የሚታጠፍ ሰው ሠራሽ ጣት ነው። ፈታሹ በዕቃው ቀዳዳ ሁሉ እያስገባ ይሞክራል። ኤሌክትሪክ ያለበት ባዶ ብረት ከነካ፣ ዕቃው ወደቀ። ሌላው የጋለ ሽቦ ነው። ሰው አጠገቡ ሳይቆም በሚሠራ ዕቃ ውስጥ ከረንት የሚያልፍበትን መገጣጠሚያ የሚደግፈው ፕላስቲክ ላይ እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ የጋለ ሽቦ ያሳርፉበታል። ፕላስቲኩ ተያይዞ ሳይጠፋ ከቀጠለ ያ ፋብሪካ ሌላ ፕላስቲክ ይፈልግ።

ቻርጀር ላይ ነገሩ ሁሉ አንድ ድንበር ላይ ነው ያለው። ከድንበሩ ወዲያ 220 ቮልት አለ። ወዲህ ደግሞ እጃችን ገብቶ የሚጨብጠው የ5 ቮልት ገመድ። በመሀል ያለችው ትንሿ ትራንስፎርመር ናት። በደንብ በተሠራ ቻርጀር ውስጥ የወዲህኛው ጥቅል ሽቦ በሦስት ንብርብር መከላከያ ሊለበስ ይችላል። የሰርኪዩት ሰሌዳው በሁለቱ ወገኖች መሀል ሰፊ ባዶ ቦታ አለው፤ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ይሰነጠቃል። ድንበሩን ተሻግራ የምትቀመጠው ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ ናት) ተራ አይደለችም፤ ብትበላሽ እንኳ መስመሩን እንድትቆርጥ እንጂ እንዳታገናኝ ተደርጋ የተሠራች ናት።

ርካሹን ብትከፍቱት ተራ ቀለም የተቀባ ሽቦ፣ ስስ ፕላስተርና ተራ ካፓሲተር ልታገኙ ትችላላችሁ። በሁለቱ ወገኖች መሀል ያለው ክፍተትም ለጥፍር አይበቃም። ስልክ መሙላቱን ግን ሁለቱም ይሞላሉ። ለዚህ ነው «እኔ ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ምስክርነት ብዙ የማያስኬደው። ልዩነቱ የሚወጣው መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ የዘለለ ቀን ወይም እርጥበት የገባ ቀን ነው። ያን ጊዜ 220ው ድንበሩን ጥሶ በስልኩ ገመድ በኩል እጅ ላይ ይደርሳል።

ፍተሻው ሲያልቅ አምራቹ ሥዕሉን፣ የአደጋ ትንተናውንና ውጤቱን በአንድ ሰነድ ይሰበስባል። ከዚያ የተስማሚነት መግለጫ ይጽፋል። መግለጫው የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የዕቃውን ማንነት፣ የተከተላቸውን ሕጎች ይዞ ይፈረምበታል። ምልክቱ የሚለጠፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቁመቱም ቦታ ካልጠበበ በስተቀር ከ5 ሚሊሜትር አያንስም። ሰነዶቹ ዕቃው ገበያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ይቀመጣሉ።

ተጠያቂው ይታወቅ

እንግዲህ ሕጉ ብልጠቱን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ የሚገባውን እያንዳንዱን ቻርጀር መፈተሽ አይቻልም። ስለዚህ ሕጉ ዋስ እንደሚጠራ አበዳሪ ሆነ። ዕቃህን አላየሁም፣ አምኜሃለሁ፣ ግን የምይዘው ሰው ስጠኝ ይላል።

አምራቹ ቻይና ከሆነ አስመጪው አለ። አስመጪው ስሙንና የፖስታ አድራሻውን ዕቃው ላይ፣ ካልተቻለ ማሸጊያው ላይ ማስፈር አለበት። አምራቹ ሰነዱን ማዘጋጀቱንም አረጋግጦ፣ የመግለጫውን ቅጂ እሱም 10 ዓመት ያስቀምጣል። የራሱን ብራንድ ለጥፎ ከሸጠማ ሕጉ አምራች ነህ ይለዋል፤ ሙሉው ሸክም በእሱ ላይ ይዞራል። ቸርቻሪውም ቢሆን ምልክቱና የአጠቃቀም መመሪያው መኖሩን ሳያይ መደርደሪያ ላይ አይሰቅልም።

ኦንላይን ሽያጭ ሲመጣ ቀዳዳ ተፈጠረ። ፓኬቱ ከቻይናዋ ሼንዘን ቀጥታ ገዢው ቤት ሲደርስ አስመጪው ማነው? 2019/1020 የተባለው የገበያ ቁጥጥር ደንብ ይህን ለመድፈን ሞክሯል። ከጁላይ 16 ቀን 2021 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚገኝ ተጠያቂ ከሌላቸው መሸጥ አይችሉም። ቀዳዳው ጨርሶ ተደፍኗል ለማለት ግን አልደፍርም።

ተቆጣጣሪዎቹ ከገበያ ላይ ዕቃ ገዝተው ያስፈትሻሉ። ከወደቀ አስመጪው ሰነዱን እንዲያቀርብ፣ ዕቃውን እንዲሰበስብ ይታዘዛል። አደገኛ ሆኖ የተገኘው ደግሞ «ሴፍቲ ጌት» በሚባል የጋራ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለሁሉም አባል አገሮች ይነገራል። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው። ገብታችሁ ብታዩ ቻርጀሩ፣ የጌጥ መብራቱ፣ የፀጉር መተኮሻው ከነፎቶው፣ ከነሞዴል ቁጥሩና ከነምክንያቱ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ሲኢ የተለጠፈባቸውም አሉበት።

«ቻይና ኤክስፖርት» ስለሚባለው ወሬም አንድ ነገር ልበል። ሁለቱ ፊደላት ከተራራቁ እውነተኛው፣ ከተጠጋጉ ደግሞ «ቻይና ኤክስፖርት» የሚል ሌላ ምልክት ነው የሚል ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲዘዋወር አይታችሁ ይሆናል። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህ ጥያቄ ከአውሮፓ ፓርላማ ቀርቦለት፣ እንዲህ የሚባል ምልክት መኖሩን እንደማያውቅ መልሷል። የተጠጋጋው ያው ሲኢ ነው፤ መጠኑን ሳይጠብቅ የታተመ። የፊደሉን ርቀት ያልጠበቀ ፋብሪካ ሌላውንም አይጠብቅም ብሎ መጠርጠር ደግ ነው። ግን በትክክል የታተመውም ቢሆን በኮምፒውተር የተሣለ ሥዕል ነው። አስመስሎ ለማተም ማንም አይቸገርም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው

እዚያ ነገሩ የተጀመረው በመንግሥት ሳይሆን በእሳት መድን ድርጅቶች ነው። በ1893 ቺካጎ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የኤሌክትሪክ መብራት እንደ ጉድ በራ። ለመድን ሰጪዎች ግን ያ ሁሉ ሽቦ የእሳት ሥጋት ነበር። ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የተባለ ወጣት መሐንዲስ ጉዳዩን ሲመረምር ቆይቶ በ1894 ዛሬ ዩኤል የሚባለውን ፈታሽ ድርጅት መሠረተ።

በክብ ውስጥ የተጻፈው የዩኤል ምልክት ከሲኢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሰጠው ሦስተኛ ወገን ነው። ዕቃው ላቦራቶሪ ገብቶ ይፈተሻል። ካለፈም በኋላ የዩኤል ተቆጣጣሪዎች ሳይናገሩ ፋብሪካው ድረስ እየሄዱ፣ የሚመረተው ያ የተፈተሸው መሆኑን ያያሉ። ዩኤል ብቻውን አይደለም። ኢቲኤል፣ ሲኤስኤና ቲዩቪ የተባሉ ፈታሾችም ተመሳሳይ እውቅና አላቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እያንዳንዱ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ እንዲመሰከርለት የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ አሜሪካ ውስጥ አለመኖሩን ነው። ግዴታው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ኦሻ የተባለው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በሥራ ቦታ ያሉ መሣሪያዎች እውቅና ባለው ላቦራቶሪ እንዲመሰከርላቸው ይጠይቃል። ግዛቶችና ከተሞች ደግሞ ብሔራዊውን የኤሌክትሪክ ኮድ (የሽቦ ዝርጋታ ደንቡን) እንደየራሳቸው ያጸድቃሉ። እንደ ኦሪገንና ዋሽንግተን ያሉት (የሲያትሏ ዋሽንግተን ማለቴ ነው፣ ዲሲ አይደለችም) ያልተመሰከረለትን ዕቃ መሸጥንም ይከለክላሉ። ትልልቅ መደብሮችም ምልክት የሌለውን አንቀበልም ይላሉ። በሕግ ሳይጻፍ እንደ ሕግ የሚሠራው ትልቁ ጉልበት ይሄ ይመስለኛል።

ግዴታ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ኒውዮርክን ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪዎች እየፈነዱ ቤት ማቃጠል ጀመሩ። በ2023 ብቻ ከተማዋ ውስጥ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞቱ። ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የከተማዋ ሕግ፣ የዩኤልን ደረጃ ሳያሟሉና ሳይመሰከርላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ስኩተርና ባትሪዎቻቸውን መሸጥም ሆነ ማከራየት ተከለከለ።

የገልፍ አገሮች በሁለቱ መሀል ናቸው። ከጁላይ 2016 ጀምሮ የሚሠራው የጋራ ደንባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ለሁለት ከፍሏል። ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸውን አምራቹ ራሱ እንደ አውሮፓው ያረጋግጣል። እንደ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያና ፍሪጅ ያሉት ግን በተፈቀደለት ሦስተኛ ወገን በኩል ማለፍ አለባቸው።

ዕቃው አዲስ አበባ ሲደርስ

ኢትዮጵያ ውስጥ ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው። የሚፈትሸውና የሚመሰክረው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ሲሆን፣ ገበያውን የሚቆጣጠረው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ደረጃ ሁሉ አስገዳጅ አይደለም። አስገዳጅ የሆኑት የሰውን ጤናና ደኅንነት የሚነኩት ሲሆኑ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ከእነዚህ አንዱ ነው። በእነዚህ ላይ አስመጪው ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

በሻንጣ ወይም በኮንትሮባንድ የገባ ቻርጀር ላይ ግን ሲኢ ቢኖርም ዋሱ የለም። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ እዚህ ለተሸጠ ዕቃ አይመጣም። አስመጪው ደግሞ አይታወቅም። ምልክቱ ያው ነው፣ ከኋላው ያለው ሰው ግን ጠፍቷል።

ከውጭ የሚላክ ዕቃ ላይ ሌላም ችግር አለ። ምስክርነት የሚሠራው ዕቃው ላይ በተጻፈው ቮልትና ድግግሞሽ ብቻ ነው። እህትዎ ከቨርጂኒያ የላከችልዎት የፀጉር ማድረቂያ የዩኤል ምልክት አለው እንበል። የተሠራው ግን ለ120 ቮልት ነው። በእኛ 220 ላይ ቢሰካ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ተጓዦች የሚገዙት ርካሽ አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የግራውንዱን መስመርም (ያመለጠ ከረንት ወደ መሬት የሚወስደውን) ይቆርጣል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ስለሚጻፍበት ችግር የለውም። ከሳዑዲ የሚመጣ ፍሪጅ ላይ ደግሞ ቮልቱ ቢገጥምም ድግግሞሹን እዩ። እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 50። ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከልኩ በላይም ይሞቃል።

እዚሁ ከሚገዛው ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ ዲቫይደር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ይጠጋል፤ ይህ ጥሩ የሚባለው የቤት ሶኬት የሚችለው መጨረሻው ነው። ዲቫይደሩ ላይ 10 አምፒር ከተጻፈ፣ የፈለገው ዓይነት ምልክት ቢለጠፍበት፣ የተፈተሸው ለ10 ነው። ምጣዱን እሱ ላይ ሰክቶ መጋገር ማለት አምራቹ ራሱ አልችልም ብሎ የጻፈውን ማስገደድ ነው። ገመዱ ሲሞቅ ቆይቶ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይመጣል።

ስትገዙ ከሲኢው በፊት ስምና አድራሻ ፈልጉ። አምራች ማነው? አስመጪ ማነው? የሞዴል ቁጥር አለው? ምንም ስም የሌለው ዕቃ ላይ ምልክት ቢደረደር ዋጋ የለውም። የዩኤል ምልክት ካለው አጠገቡ ኢ በሚል ፊደል የሚጀምር የፋይል ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ድርጅቱ ኢንተርኔት ላይ ባለው የመረጃ ቋት በነፃ ተመዝግባችሁ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ታገኛላችሁ። የሶኬት ራሱ ሁለት ብረት ብቻ ያለው ዕቃ ላይ ደግሞ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሣለበትን ምልክት ፈልጉ፤ ድርብ መከላከያ ስላለው ግራውንድ አያስፈልገውም ማለት ነው። ምጣድን የመሰለ አካሉ ብረት የሆነ ዕቃ ያለ ግራውንድ ከመጣ ግን አትግዙት።

ደረሰኝም ተቀበሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ በገዛው ዕቃ ጉዳት የደረሰበት ሸማች ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄው ቸርቻሪው ላይ ብቻ አይቆምም፤ አከፋፋዩን፣ አስመጪውንና አምራቹንም በነጠላ ወይም በአንድነት ይመለከታል። ሻጩ ደረሰኙ ላይ «ቻርጀር» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ ብራንዱንና የሞዴል ቁጥሩንም አስጽፉት።